ማሳ ላይ የሚውል ጋራዥ

ኅዳር ሲጋመስ በአርሲ የስንዴው ማሳ ይነጣል። ኮምባይነሮቹ ከኢተያና ከሁሩታ አካባቢ ጀምረው፣ እህሉ በደረሰበት ቅደም ተከተል ወደ ደጋው ይወጣሉ፤ አሰላንና በቆጂን አልፈው ወደ ዶዶላና አዳባ፣ ከዚያም ወደ ባሌ ሮቤና ጊኒር ይዘልቃሉ። ከማሽኑ ጋር ሹፌሩና ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜም ሥራ የሚያፈላልገው ደላላ አብረው ይጓዛሉ። አንድ ሰው ግን ከእነሱ ጋር የለም፤ ስልኩ ሲጠራ ነው የሚመጣው። እሱም በግሉ የሚሠራው የእርሻ ማሽን መካኒክ ነው።

ይህን ሙያ ከከተማው መካኒክ ሙያ የሚለየው ጊዜ ነው። የቤት መኪናው የተበላሸበት ሰው ጥቂት ቀን በታክሲ ይመላለሳል። የኮምባይነር አገልግሎት ግን የሚከፈለው በታጨደው ኩንታል ልክ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲቆም የባለንብረቱ ገቢ፣ የሹፌሩ አበልና የደላላው ድርሻ አብረው ይቆማሉ። ወረፋ የያዘው ገበሬም ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ የደረሰ ስንዴ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመታው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፣ ከልክ በላይ ሲደርቅ ደግሞ ይረግፋል። መካኒኩ ጥገና የሚሸጥ ይመስላል እንጂ ለደንበኛው የሚሸጥለት የአጨዳ ሰዓት ነው። ሙያውን የግል መተዳደሪያ ለማድረግ የሚያስብ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊገባው የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ዋጋውም፣ የመሣሪያ ምርጫውም፣ የሥራ ቀን መቁጠሪያውም ከዚህ ይነሳሉና።

ማሽኑን ጠጋ ብለን እንየው። ኮምባይነር ማጨድን፣ መውቃትንና ማበጠርን በአንድ ጉዞ የሚሠራ ነው። ከፊቱ የሚሽከረከሩት ክንፎች ስንዴውን ወደ ማጭዱ ያጎነብሱታል። ማጭዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ጥርሶች የተደረደሩበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ረጅም ብረት ነው። የታጨደው ወደ መሐል ይሰበሰብና በሰንሰለት ተጎትቶ ወደ ድራሙ ይወጣል። በሚሽከረከረው ድራምና ከሥሩ በተደገነው ኮንኬቭ በሚባለው ጎባጣ ፍርግርግ መካከል ሲያልፍ ፍሬው ከዛላው ይለያል። ገለባው በነቅናቂዎቹ ላይ እየተራገፈ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ፍሬው ወደ ወንፊቶቹ ይወርዳል፤ ከሥር የሚነፍሰው ማራገቢያ እብቁን አበጥሮ ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ የናፍጣ ሞተር በሚነሱ ቺንጋዎች፣ ሰንሰለቶችና ዘንጎች ነው። እያንዳንዱ ዘንግ በኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ ኩሽኔታውም ቀኑን ሙሉ አቧራና እብቅ ውስጥ ነው።

ስለዚህም በአጨዳ ወቅት ማሽን የሚያስቆሙት ብዙውን ጊዜ ትናንሽ ነገሮች ናቸው፦ የተበጠሰ ቺንጋ፣ የተሰበረ የማጭድ ጥርስ፣ የላላ ሰንሰለት፣ የነደደ ኩሽኔታ። ኩሽኔታ ሳያስጠነቅቅ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው፤ በፊት ይሞቃል፣ ድምፁም ይለወጣል። የበሰለ መካኒክ ማሳው ዳር ሲደርስ ሞተሩ እንዲጠፋ ያደርግና ማሽኑን ይዞራል፤ በእጁ ጀርባ የኩሽኔታ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለውን ሲያገኝ በዚያው ምሽት ይለውጠዋል። ነገ ዘንጉን ይዞ ከተሰበረ ሥራው ቶርኖ ቤት ይገባል፤ ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ከማሳው ምናልባት የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል።

ብዙው ምርመራ በስልክ ይጀመራል። ጨዋታው እንዲህ ያለ ነው፦

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ዳገት ላይ ይዞን ቀረ።»

«ጭሱ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር፣ ድፍን ያለ ጥቁር።»

«የአየር ፊልትሮውን መቼ ነው ያራገፍከው? አጥፋውና አውጥተህ እየው፤ ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ።»

ጥቁር ጭስ ናፍጣው በቂ አየር አለማግኘቱን ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ይናገራል። እብቅ በሚበንበት ማሳ ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአየር ፊልትሮው ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ይህ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጣጣ ነውና በስልክ አያልቅም። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል ነጭ ጭስ ከታየ ናፍጣው ደርሷል፣ አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ጭራሽ አልደረሰም፤ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይ መስመሩ አየር ስቧል። ናፍጣ በበርሜልና በጄሪካን እየተገዛ በሚሠራበት አካባቢ ውሃና ቆሻሻ የዘወትር ጠላት ናቸው። አየር ማውጣትና ፊልትሮ መለወጥ ማሳ ላይ ይሠራል። የናፍጣ ፖምፓውን ማሳ ላይ መፍታት ግን ጥፋት ነው። ፖምፓ በመፈተሻ ማሽን ላይ ተለክቶ የሚስተካከል ዕቃ ስለሆነ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ወዳሉት የፖምፓ ባለሙያዎች መላክ አለበት። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ እከሌ ጋ ውሰዱት» ማለት የሚችል መካኒክ ደንበኛ አያጣም።

ሌላው የሙያው ግማሽ ምንም ያልተሰበረበትን ማሽን ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ መካኒኮች ሥራዬ አይደለም ብለው ለሹፌሩ ይተዉታል፤ እኔ ግን የግል ባለሙያን ከተራ ዕቃ ለዋጭ የሚለየው ይህ ክፍል ነው እላለሁ። በማሽኑ የእህል ጋን ውስጥ የተሰበረ ፍሬ ከበዛ ድራሙ ፈጥኗል ወይም ኮንኬቩ ተጠግቷል። ያልተፈለፈለ ዛላ ከኋላ ከወጣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጠዋት ጤዛ ያረጠበው ስንዴ ጠበቅ ያለ ኮንኬቭ ይፈልጋል፤ ቀትር ላይ ሲደርቅ መላላት አለበት። በወንፊቱ ላይ አልፎ የሚጠፋ ፍሬ ደግሞ የነፋሱን ብርታት፣ የወንፊቱን መዘጋት ወይም የሹፌሩን ጥድፊያ ይጠቁማል።

የጠፋውን ለመለካት ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ ከሽቦ ይሠራና ማሽኑ ካለፈ በኋላ በመሬቱ ላይ ይጣላል፤ ውስጡ የወደቀው ፍሬ ይቆጠራል። 1,000 የስንዴ ፍሬ ወደ 40 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር 250 ፍሬ ማለት 10 ግራም ነው፤ በሄክታር ሲሰላ 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩንታል መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ገለባው በተከመረበት መስመር ላይ ብቻ ቢቆጠር ያሳስታል፤ በማጭዱ ስፋት ልክ ከዳር እስከ ዳር በርከት ባሉ ቦታዎች ተቆጥሮ አማካዩ ይያዛል፤ ማሽኑ ሳይነካው የረገፈውም ካልታጨደው ማሳ ተቆጥሮ ይቀነሳል። ማሳው የአንድ ገበሬ፣ ማሽኑ የሌላ ሰው በሆነበት አሠራር ይህን ቆጠራ በሁለቱም ፊት የሚያደርግ መካኒክ ጠብ ያበርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ራሱ ማሽን ሲመርጥ የማን እጅ እንደነካው ይጠይቃል።

ሙያው ወደዚህ አገር ገጠር የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሲተከል፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የእርሻ መሣሪያ የሚያሻሽል ክፍልም ነበረው። ትራክተሩ ያኔ ለሁሉም በረከት አልሆነም፤ በማሽን ማረስ ሲያዋጣቸው ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ያፈናቀሉ ባለርስቶች ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ዘመን ዘጋው። በደርግ ጊዜ ማሽኑ ወደ መንግሥት እርሻዎች ገባ፤ የዛሬዋ አዳማ በሆነችው ናዝሬትም የሶቪየት ሥሪት የሆኑትን ቤላሩስ ትራክተሮች የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቋቋመ። የመንግሥት እርሻዎቹ ጋራዦች የራሳቸው የዕቃ ግምጃ ቤትና የብየዳ ክፍል ነበራቸው፤ ለብዙ ሰው የሙያ ትምህርት ቤት ሆነው አገልግለዋል። አሁን ሙያው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት ይተላለፋል። ከዚያው ከአሰላ የመጣ ሌላ ውርስም አለ፤ የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል የሠራቸው የእህል መውቂያዎች በየገጠሩ ገብተዋል፤ እነሱም ቺንጋና ኩሽኔታ ይበላሉ።

የማሽኑ ባለቤትም ተለውጧል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 በከፈተው መንገድ፣ በኋላም በልማት ባንክና በክልል የሊዝ ኩባንያዎች አማካይነት ማሽን በረጅም ጊዜ ክፍያ መውሰድ ተቻለ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። በዚህ የተነሳ ስለ ሞተር ብዙ የማያውቁ ነጋዴዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ገንዘብ ያዋጡ ወንድማማቾች የማሽን ባለቤት ሆነዋል። በሊዝ የወሰደ ሰው ማሽኑ ቆመም ሠራም የክፍያ ቀኑ አይጠብቀውም። እንዲህ ያለው ባለንብረት የሚያምነው መካኒክ ይፈልጋል፤ የግሉ ባለሙያ ገበያ የተከፈተው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ሙያው የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው፤ ተማሪው በደረጃ ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ያልፋል። ቁሉምሳ ላይም በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመ የእርሻ ማሽን ማሠልጠኛ አለ። ሁለተኛው በር ረዳትነት ነው፦ ግራሶ መቀባት፣ ጎማ መፍታት፣ ማሽኑ ሥር ማደር። በአንዱ ብቻ የገባ ሰው ይጎድለዋል። ከኮሌጅ የወጣው የሃይድሮሊክ ሥዕል ያነባል፣ የዛገ ብሎን ሳይሰብር መፍታት ግን ይቸግረዋል። በረዳትነት ያደገው ሞተር በጆሮው ያውቃል፤ የቴስታታ ብሎኖችን በስንት ጥብቀት፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያስር መመሪያው ላይ ማንበብ ስላልለመደ ግን በቴስታታው ሥር የለወጠው ማሸጊያ፣ ጉራኒሲዮኑ፣ በወሩ ይቃጠላል። ረዳቶች በሌሊት የእጅ ስልካቸው ላይ የማሽን መመሪያ ማንበብ ቢለምዱ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

በራስ መቆም ሲታሰብ ሱቅ መከራየት የመጨረሻው ነገር ይሁን። የሚቀድመው መሣሪያ ነው፦ የተሟላ የቁልፍ ስብስብ፣ ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ፣ ኩሽኔታ ማውለቂያ፣ ጠንካራ ክሪክ፣ የግራሶ ፓምፕ፣ ኤሌክትሪክ መለኪያ። ከዚያ ሞተር ሳይክል፤ ጋራዡ ማሳው ላይ ነውና። አቅም ሲገኝ ጄኔሬተርና የብየዳ ማሽን የሚጭን ፒክአፕ ይከተላል። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ቶሎ ቢወጣ ይሻላል፤ ከኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ ከምርምር ማዕከል ወይም ከትልቅ እርሻ ጋር መዋዋል የሚችለው ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ብቻ ነው።

የዋጋው ነገር ብዙዎችን ያሰናክላል። በብልሽት ልክ ብቻ የሚያስከፍል መካኒክ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ያተርፋል፤ ደንበኛው ይህን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ይጠረጥረዋል። የተሻለው መንገድ የወቅት ውል ነው። መካኒኩ ከአጨዳው በፊት ማሽኑን ፈትሾ ያዘጋጃል፣ በአጨዳው ወራት ሲጠራ ይደርሳል፣ ለዚህም የተቆረጠ ገንዘብ በከፊል ቀድሞ፣ በከፊል በመጨረሻ ይቀበላል። መለዋወጫውን ባለንብረቱ ይገዛል። ውሉ መንገድ፣ ማደሪያና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ሲጠራ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ በጽሑፍ ያስቀምጣል። ያኔ የሁለቱ ጥቅም አንድ ይሆናል፤ ማሽኑ ባልቆመ ቁጥር ሁለቱም ያተርፋሉ። አንድ ሰው በወቅት ውል ስንት ማሽን መያዝ ይችላል የሚለውን ግን በጥንቃቄ ማሰብ ያስፈልጋል። አንዱ ሮቤ፣ ሌላው በቆጂ ላይ በአንድ ቀን ከቆሙ የተሰጠው ቃል ይፈርሳል።

ስም የሚወጣው በአጨዳ ነው፤ ቤተሰብ የሚተዳደረው ግን ኮምባይነሩ በሚቆምባቸው ወራት በሚሠራው ሥራ ነው። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ማሽኑ ሲያርፍ ድራሙ ይወርዳል፣ የድራሙ ሚዛን ይታያል፣ ኩሽኔታዎች በእርጋታ ይለወጣሉ፣ የዛገው ቆርቆሮ ይበየዳል። የማሽኑ መዝገብ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ተከፍቶ የሞተሩ ቁጥር፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብ፣ የተለወጠው ዕቃና ቀኑ ይጻፍበታል። የሞተር ዘይት በብዙ ማሽኖች በየ250 ሰዓቱ ይለወጣል፤ መመሪያው ሌላ ካለ መመሪያው ይከበራል።

ደግሞም ዓመቱ ከሚመስለው በላይ ሥራ አለው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ምርት ያያል፦ በመጋቢት አካባቢ ተዘርቶ በሐምሌና ነሐሴ የሚታጨደው «ጋና» እና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ በታኅሣሥና ጥር የሚታጨደው «ቦና»። የመኸር እርሻ ሲቃረብ ትራክተሮች ይንቀሳቀሳሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ የማረሻ ዲስክ ሥራ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት በአዋሽ ተፋሰስና በሌሎች ቆላዎች የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ ኮምባይነሮችን ከደጋው አጨዳ በኋላ ወደ ቆላ ያወርዳል፤ ከእሱ ጋር የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ጥገናም ተከትሏል። ወደ መተማና ሁመራ የሚዘልቀው የሰሊጥና የማሽላ አገር ደግሞ የራሱ ሰፊ የትራክተር ገበያ አለው።

መለዋወጫ ትልቁ ራስ ምታት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በብር ሲሰላ ከብዷል፤ ሲወደድ ደግሞ አስመስሎ የተሠራው ይበዛል። የማይታወቅ ፊልትሮ ውስጡ ወረቀቱ ሳስቶ ይገኛል፤ ርካሽ ኩሽኔታ በሳምንቱ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ በደንበኞቹ ማሽኖች ላይ የሚደጋገሙትን ቺንጋዎች፣ ኩሽኔታዎች፣ የማጭድ ጥርሶችና ፊልትሮዎች በቁጥራቸው መዝግቦ ጥቂት ጥቂት ቢያስቀምጥ በአጨዳው እኩለ ሌሊት ገበያ አይፈልግም። አንድ ልማድ ደግሞ በጣም አከብራለሁ፦ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ከነደረሰኙ በጆንያ አድርጎ ለባለንብረቱ ማስረከብ። ከሻጭ ጋር ተመሳጥሮ ዋጋ የሚጨምር መካኒክ አንድ ወቅት ይጠቀማል፤ ገጠር ግን ሰፊ ቢመስልም ወሬ ቶሎ ያዳርሰዋል።

ስለ አደጋ ሳይነገር ይህ ሙያ አይተዋወቅም። ከትራክተሩ ኋላ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ በመደበኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል፤ የጋቢ ወይም የካፖርት ጫፍ ከያዘ ሰውየው ለመጮህም ጊዜ የለውም። የኮምባይነሩ ማጨጃ ወደ ላይ ተነስቶ ከሥሩ ሲሠራ በሃይድሮሊኩ ብቻ አይታመንም፤ ማገጃው መውረድ አለበት። ቁልፉ ከሞተሩ ወጥቶ መካኒኩ ኪስ ውስጥ ይግባ። ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ በዙሪያው ያለው እብቅም ይጠረግ፤ በደረቅ ገለባ መሐል የወደቀች ብልጭታ ማሽኑንም ማሳውንም ትበላለች።

አዲሶቹ ማሽኖች ሌላ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ናፍጣውን የሚለካው ኮምፒውተር ነው፤ ስህተቱን የሚያነበው ደግሞ የአምራቹ ወኪል ብቻ የያዘው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ገበሬዎችና የግል መካኒኮች በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተሟግተው በአውሮፓውያኑ 2023 የኮሎራዶ ግዛት አምራቾች የጥገና መሣሪያና መረጃ እንዲያካፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እኛ አገር ማሽን ከቀረጥ ነፃ ሲገባ ከመመሪያውና ከመመርመሪያው ጋር እንዲመጣ መጠየቅ ይገባል። ዋስትናው ያላለቀ ማሽን በወኪሉ መጠገን አለበት፤ የግሉ መካኒክም የዋስትናውን ማኅተም መንካት የለበትም። ከዋስትናው በኋላ ያለው ረጅም ዕድሜ ግን የእሱ ነው፤ በተዘጋ ኮምፒውተር ፊት እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይገባም።

ለኮሌጆቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የአጨዳው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሠልጣኞች ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ጊዜ ሆኖ ያልፋል። የእርሻ ማሽን ጥገና ሠልጣኞች የተግባር ልምምድ እነዚህ ሦስት ወራት ላይ ቢደረግ፣ እያንዳንዱም ከአንድ የግል መካኒክ ጋር ተመድቦ ደብተር እየያዘ ኮምባይነሩን ከኢተያ እስከ ጊኒር ቢከተል፣ የካቲት ላይ ወደ ክፍል ሲመለስ መምህሩን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። መካኒኮቹም ለወቅቱ የሚያስፈልጋቸውን ሁለተኛ እጅ ያገኛሉ፤ ኮሌጁ ለዚህ የውሎ አበል ቢመድብና ሠልጣኙን ለአደጋ ዋስትና ቢያስገባው ሥራው በሚቀጥለው ኅዳር ሊጀመር ይችላል።